ገመዱ መቼ ላላ?

ጥር 14

ለወንድሜ ልጅ፣ ለድንቢጥ፣

ባለሽበት ሁሉ ሰላም ይክበብሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኔ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ዘንድሮ ጭራሹን ጡረታ ወጥቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የስፌት መኪና ሲንገጫገጭበት ኖሮ ምን ያድርግ! ባለፈው በእናትሽ ስልክ "እንዴት ከረምክ?" ስትይኝ "ሁለት ሜትር ይበቃል" አልኩሽ አሉ። እስካሁን ትስቅብኛለች። እሷም ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይነዝራታል እንጂ ደኅና ናት። እኔም እንግዲህ ከስልክ ደብዳቤ ይሻለኛል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ጉዳዬ ይኸውልሽ። የአባትሽ ጀልባ ሐይቁ ዳር እንደታሰረች ናት። እሱ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ የነካት የለም፤ ምሰሶዋም እንደቆመ ነው። ንፋሱ እየበረታ ስለሄደ ምሰሶውን ብናወርደው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። አንቺ በዚያ በምትሠሪበት የጀልባ መጠገኛ ምሰሶ ማውረድና ማቆም የዕለት ሥራሽ ነው። እስቲ ምሰሶውም ሰውም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚወርድ ከሀ እስከ ፐ ጻፊልኝ። በተለይ ሁለት ሰው ብቻ ቢሆኑስ? አንዱ ገመድ ቢይዝ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ቢቀበል ይቻላል ወይ? ይህችን አጥብቀሽ ንገሪኝ።

ለእናትሽ በስልክ ባታነሺባት ደስ ይለኛል። የጀልባዋ ስም ሲነሳ ሆዷ ይባባል።

አጎትሽ፣ ሰፊው


የካቲት 3

ለምወድህ አጎቴ፣

ዕድሜና ጤና አይንፈግህ፤ መርፌህ አይጥፋ፣ ዐይንህ አይድከም። እኔ ብርዱ አጥንቴን ቢቆረጥመኝም ደኅና ነኝ። አሁን እዚህ ጀልባዎቹ ሁሉ ከውሃ ወጥተው በእንጨት እግር ላይ ቆመዋል። ምሰሶዎቻቸው ደግሞ አዳራሹ ውስጥ እንደ ታማሚ በተርታ ተኝተዋል። እኔም በመሃል እየዞርኩ ሳክማቸው እውላለሁ።

የጠየቅከኝን ልንገርህ። መጀመሪያ ቀና ብለህ እይ። ከላይ የመብራት ሽቦ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዳትነካ። ንፋስ ካለም ተወው፤ ሻይህን ጠጣና ነገ ተመለስ። ከዚያ ሸራውን ከነአግዳሚ እንጨቱ አውልቅ። ምሰሶውን ሦስት የብረት ካቦዎች ይዘውታል፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከፊት። የግራና የቀኙን አትፍታቸው፤ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው። የሚፈታው የፊተኛው ነው። ከመፍታትህ በፊት ግን የካቦው ታችኛው ጫፍ ላይ ጠንካራ ገመድ እሰር፤ ገመዱን በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ባለው ቀለበት አሳልፈህ ወለሉ ላይ ባለው የገመድ ማሰሪያ የብረት ቀንድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው። ምሰሶ በእጅ አይያዝም፤ የሚይዘው ቀንዱ ነው፣ እጅህ ልክ ይሰጣል እንጂ።

የምሰሶው እግር አባዬ "ጫማ" በሚለው ብረት ውስጥ በአንድ ቡሎን ስለታሰረ፣ እንደ በር በማጠፊያው ወደ ኋላ እየተጋደመ ይተኛል። ገመዱን ጣት በጣት ልቀቅ። ጓንት አድርግ። ከኋላ የሚቀበለው ሰው በጎን ይቁም፤ ከሥር አይቁም። ከሥር አይቁም። ሁለቴ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም።

ሁለት ሰው ያወርደዋል ወይ? ያወርደዋል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ቆሞ ማየትና "ቁም!" ብሎ መጮህ ብቻ ነው። ደግሞ ሳትጀምር በፊት ካቦዎቹ ከምሰሶው ጫፍ ጋር የተያያዙባቸውን ብረቶች አስመርምር፤ ዝገት ካለ ጻፍልኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስለ ጀልባዋ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆይተህ ዛሬ ምን ተገኘ? ልትሸጧት ነው? ብትሸጧት አልቀየምም፤ ሳልሰማ ብትሸጧት ግን እቀየማለሁ። "ለእናትሽ አታንሺባት" ያልከውም ከንክኖኛል። እማዬ ሆዷ ሲባባ ትናገራለች እንጂ አትደብቅም።

ልጅህ፣ ድንቢጥ


የካቲት 29

ለድንቢጥ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ፤ ብርዱንም ያንሳልሽ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጀልባዋን የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ ልብሽን አሳርፊው።

ጫፉን አይቼዋለሁ። ዝገት የሚባል የለበትም፤ ብረቶቹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። እንጨቱ ብቻ ወደ ጫፉ ጣት የምታህል ስንጥቅ አለችበት፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ቀጥ ያለች።

ያልገባኝን ልጠይቅሽ። ገመዱ ቀንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠመጠም ምን ይሆናል? ምሰሶው ግማሽ መንገድ ወርዶ ሳለ ገመድ የያዘው ሰው ቢያመልጠው፣ እስኪወድቅ ምን ያህል ጊዜ አለ? "ሽሽ!" ብሎ መጮህ ይደርሳል? ከኋላ ያለው ሰው ሰምቶ ለመዝለል ይበቃዋል? ደግሞ ጓንት ያላደረገ ሰው ገመዱ ሲያመልጠው መዳፉ ምን ይሆናል?

ጥያቄ አበዛሁብሽ። ሽማግሌ ሲጠነቀቅ እንዲህ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 17

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ምሰሶው ሰባት ሜትር ነው። አባዬ ሲጠርበው መለኪያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት አላፊ አግዳሚውን የሚለምኑ ሰው ነዎት። ታዲያ ከሰባት ሜትር ላይ ጣት የምታህል ስንጥቅ እንዴት አዩ? መሰላል የሚያስደግፉበት የለም። የሚወጣልዎትም ሰው ቢኖር በጻፉልኝ ነበር።

ምሰሶው ወርዷል። ከወረደም ቆይቷል። የጠየቁኝን ሁሉ ደግሜ ሳነበው የሚያወርድ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ያወረደ ሰው ጥያቄ ነው። የሚያወርድ ሰው "እንዳያመልጠኝ ምን ላድርግ?" ይላል እንጂ "ካመለጠው ለመዝለል ይበቃዋል ወይ?" አይልም።

ለእማዬ ደወልኩላት። "ምሰሶው ወርዷል ወይ?" አልኳት። "ወተቱ ሊገነፍልብኝ ነው" ብላ ዘጋችብኝ። እማዬ ወተት አትወድም።

እንግዲህ በቀጥታ ልጠይቅ። አባዬ በምን ሞተ? "ልቡ ቀጥ አለች" ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አብሮት የነበረው ማን ነው? ገመዱን የያዘውስ? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ይጻፉልኝ።

ድንቢጥ


ግንቦት 8

ለድንቢጥ፣

አንቱ አልሽኝ። አዝዬ ያሳደግኳት፣ በመቀሴ የወረቀት አሻንጉሊት ስትቆርጥ ያደገች ልጅ አንቱ አለችኝ። ደብዳቤሽን ልብስ መለኪያ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አምስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያውን ሳልከፍት ኖርኩ። ፒንሳዬም እዚያው ውስጥ ስለነበር ቁልፍ በጥርሴ ስነቅል ከረምኩ።

ወተቱን መጀመሪያ ላንሳው፤ እናትሽ ሐኪም ስላዘዘላት በቀን አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች፣ እየተራገመች። በዚያ አልዋሸችሽም።

በሌላው ግን ዋሽተንሻል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የሙሽራ ሱሪ መኪናው ላይ ሆኜ ስሰፋ አባትሽ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ጀልባ የሚሠራ አናጢ ስለሆነ በር በእጁ የሚከፍት አይመስለኝም ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

"ተነስ፣ ምሰሶውን እናውርድ። ቀለም ልቀባው ነው" አለኝ።

"ሙሽራው ያለ ሱሪ ሊያገባ ነው?" አልኩት።

"ግማሽ ሰዓት ነው። እሱም ለግማሽ ሰዓት ቢያስብበት አይጎዳውም።"

ታላቄ ነው፤ ተነሳሁ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገመዱን ራሱ አሰረና ጫፉን ሰጠኝ። "ቀንዱ ላይ ጠምጥመው" አለኝ፤ ጠመጠምኩ። ድንቢጥ፣ አንድ ጊዜ ይሁን ሁለት ጊዜ አላስታውስም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየዕለቱ ልብስ ስተኩስ እጄን በአየር ላይ እያዞርኩ ላስታውሰው እሞክራለሁ። ደንበኞቼ አበደ ሳይሉኝ አይቀሩም።

እሱ ከኋላ ቆመ። "ቀስ!" ይለኛል፤ "ይዣለሁ!" እለዋለሁ። "ቀስ!" "ይዣለሁ!" እንዲህ እየተባባልን ግማሹን አወረድነው። ጥሩ እየሄደ ነበር፤ እንዲያውም እየሳቀብኝ ነበር። ከዚያ ገመዱ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሌላ የምልሽ የለኝም። ገመዱ ከእኔ ጋር አልነበረም፤ ምሰሶውም ደረቱ ላይ ነበር። ሐኪም ቤት እስክናደርሰው አልቆየም።

ለእናትሽ ያኔውኑ ነገርኳት። "ለቀቅኩት፣ እኔ ነኝ" አልኳት። አላለቀሰችም። "ለልጅቷ ልቡ ነው በላት" አለችኝ። "ሩቅ አገር ብቻዋን ናት፤ አባቷን አጥታለች፤ የቀራት አንድ አጎት ነው። እሱንም ላሳጣት አልፈልግም።" እኔም ፈሪ ነኝና እሺ አልኩ።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። አያያዜን ነግሬሻለሁ፤ ፍርዱ ያንቺ ነው። እንደ ወንድሜ ልጅ አትፍረጂ፤ እንደ ሙያተኛ ፍረጂ። እጄ ነው ወይስ አይደለም?

አጎትሽ


ሰኔ 1

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የምናገረው ብዙ አለኝ፤ ቁጣዬን ግን ለሌላ ቀን አስቀምጬዋለሁ። አሁን የምጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱልኝ።

መጀመሪያ የተሰማዎት ምንድን ነው፤ ገመዱ እጅዎ ውስጥ ሮጠ ወይስ በድንገት ላላ? ገመድ ሲሮጥ መዳፍ ይልጣል፤ ሲላላ አይልጥም። መዳፍዎ ተልጦ ነበር? ድምፅ ነበር? ከወደቀ በኋላ የፊተኛው ካቦ የት ነበር፤ ምሰሶው ላይ እንደተያያዘ ወይስ ለብቻው? ከምሰሶው ጫፍ የተሰበረ ብረት አግኝተው ከሆነ፣ ትንሽም ቢሆን ይላኩልኝ።

የማይረሳዎትን ይጻፉ። ለእኔ ብለው አያሳምሩት።

ድንቢጥ


ሰኔ 28

ለድንቢጥ፣

መንገድሽ ቀና ይሁን። እንደ ዳኛ ጠየቅሽኝ፤ እኔም እንደ ምስክር እመልሳለሁ።

መዳፌ አልተላጠም። ሐኪም ቤት እጄን ስታጠብ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ጭረት የለውም። ከነከነኝ፤ ያን ጥያቄ ስለ ጓንቱ የጠየቅኩሽም ለዚያ ነው። የተላጠው ክርኔ ነው፤ ወደ ኋላ ተንደርድሬ በቂጤ ወድቄያለሁ። ለምን እንደወደቅኩ አስቤው አላውቅም ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን በሱቁ በር እጀታ ላይ ገመድ አስሬ ወደ ኋላ ተደግፌ ሞከርኩት። ለገበያ የመጣችውን ጎረቤቴን "ድንገት ፍቺው" አልኳት። ፈታችው። ልክ እንደዚያ ቀን ወደቅኩ። እሷ ግን ጤናዬን ስለተጠራጠረች አሁን በሌላ መንገድ ነው የምታልፈው።

ድምፅ ነበር። እኔ ደንቆሮው እንኳ ሰምቼዋለሁ፤ ወይም በገመዱ በኩል እጄ ሰምቶታል። መቀስ ሳላውቅ የብረት ቁልፍ ላይ ሲያርፍ እንደሚለው "ቀጭ" አለ። ካቦው ምሰሶው ላይ አልነበረም፤ ለብቻው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል።

ብረቱንም አግኝቼዋለሁ። በማግስቱ ደም ሊያጥቡ ሲሄዱ አብሬ ሄጄ ከድንጋዩ መሃል ለቀምኩት። የፈረስ ኮቴ የሚመስል ማያያዣ ነው፣ ለሁለት ተሰብሯል። ወድቆ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ኖሯል። በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ምሰሶውም ሱቄ ውስጥ በግድግዳው ርዝመት ተጋድሟል፤ ጫፉን ያየሁት እዚያ ነው። "ምሰሶው እንደቆመ ነው" ብዬ ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። ሌላ ብረት አልተሰበረም።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


ነሐሴ 20

ለድንቢጥ፣

ሰላምሽን ያሰማኝ። ጥቅሉ ደርሶሻል? ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ "ደርሷል፣ ፈርማለች" ይለኛል። እሱ ግን ሁሉን ደርሷል ነው የሚለው።

እናትሽ ስትደውልልሽ ሥራ በዝቶብኛል ትያታለሽ አሉ። በብርዳችሁ ወራት የነበረሽ ጊዜ በበጋችሁ ጠፋ? ደግ ይሁን። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

አጎትሽ


ጥቅምት 12

ለድንቢጥ፣

ጤና ሁኚ።

ዝምታሽ ገብቶኛል። ብረቱን አይተሽ ፍርዱን አውቀሽዋል፤ ሽማግሌ ላለመስበር ብለሽ ነው ዝም ያልሽው። እናትሽ ስትዋሽልኝ ኖረች፣ አሁን ደግሞ አንቺ ልትዋሺልኝ ነው። በቃኝ። ሰው ሁሉ እየዋሸልኝ መኖር እንደ ተውሶ ልብስ ነው፤ ይጠብባል።

ሱቁን ልዘጋ ነው። መቀሱ ከመስመር ይወጣብኛል፤ በዚህ ወር ብቻ የሁለት ሰው ኮት አበላሽቻለሁ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልጻፍሽልኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ "ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ" ብዬ ቃሌን እሰጣለሁ። ሊያስሩኝም ላያስሩኝም ይችላሉ። ቢያንስ አንድ የማይዋሽልኝ ሰው ይጽፈዋል።

አጎትሽ


ጥቅምት 30

አጎቴ፣ ፖሊስ ዘንድ አትሂድ።

ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት ይህ መስመር ቀድሞ እንዲታይህ ነው። አንተ ነው የምልህ፤ እንደ ድሮው ልልህ የሚገባኝ መሆኑን ግን አላውቅም።

ገመዱን አንድ ጊዜም ጠምጥመኸው ሁለት ጊዜ፣ ለውጥ አልነበረውም። ገመዱ አላመለጠህም። አንተ አጥብቀህ ይዘኸው ሳለ ከላይ ብረቱ ተሰበረ፤ ወደ ኋላ የወደቅከውም ለዚህ ነው። የለቀቀ ሰው ወደ ኋላ አይወድቅም። ስብራቱን በመነጽር አይቼዋለሁ። ሁለት ሦስተኛው ጠቁሯል፣ አሮጌ ስንጥቅ ነው፤ አንድ ሦስተኛው ብቻ ብሩህ ነው፣ የዚያን ቀን የተሰበረው። ለብዙ ጊዜ በክር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

እዚህ ጋ ደብዳቤውን ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ጥቅሉ የደረሰኝ በሐምሌ ነው። በምሳ ሰዓት የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት። ብረቱን ገና ከጨርቁ ሳላወጣው አወቅኩት። ጎኑ ላይ በሞረድ የተፋቀች አጭር ጭረት አለች። እዚህ መጠገኛ ቤት፣ አንድ ብረት ዕድሜውን ሲጨርስ አለቃችን በሞረድ ይጭረውና ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት። ይህ ዓይነት ብረት አይዝግም፤ ከውስጡ ሲያልቅ ከላይ እያብረቀረቀ ነው የሚያልቀው። ይህን የማያውቅ ሰው ይታለላል። እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

አባዬ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አራት ማያያዣ ልኬለት ነበር። የሱዎቹ ዝገው እንደነበር ነግሮኝ፣ "ከዚያ አንድ ነገር ላኪልኝ" ብሎኝ ነበር። እኔም ከዚያ ሣጥን አነሳሁ። ጥሩ ጥሩውን መረጥኩ። ደስ እንዲለው በጨርቅ ወለወልኳቸው። "ትንሽ ጀልባ ናት፣ ለትንሽ ጀልባ ምን ይሆናሉ" አልኩ። አጎቴ፣ እንዲህ ብዬ አስቤ እንደነበር በደንብ ትዝ ይለኛል።

አራት ወር ዝም ያልኩህ ለአንተ አዝኜ አይደለም። ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ፤ አልክድህም። "እሱ ለምዶታል" አልኩ። "ሽማግሌ ነው፣ ሁለት ዓመት ተሸክሞታል፣ ትንሽ ቢሸከመው ምን ይሆናል" አልኩ። አንተን ለመጠርጠር አንዲት ስንጥቅ በቃችኝ። በየቀኑ ሥራ ገብቼ የሰው ምሰሶ ሳወርድ፣ ከሥር የቆመውን ሰው "ራቅ!" እያልኩ ስጮህ፣ የአንተን ደብዳቤ በኪሴ ይዤ እዞር ነበር። የፖሊሱን ነገር ባትጽፍ ኖሮ እስከመቼ ዝም እል እንደነበር አላውቅም።

ለእማዬ አንብብላት። እኔ በስልክ ልነግራት ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ አየሩ አወራኋት።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 4

ለድንቢጥ፣

ዕድሜ ይስጥሽ፤ የመጣው ሁሉ በላይሽ ይለፍ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ኅዳር መጨረሻ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ ዓርብ ዕለት ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ተረኛው "ምን ነበር?" አለኝ። "ሰው ስለ መግደል ነው" አልኩት። "ያ ክፍል ዛሬ ስብሰባ ነው፤ ሰኞ ይምጡ" አለኝ። ቅዳሜ ደብዳቤሽ መጣ።

ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ ምሕረት አይደለም። ተቆጣሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ! የእናትሽን ዐይን ቀና ብዬ ሳላይ፣ ወንድሜ መቃብር ላይ "ይቅር በለኝ" ስል የኖርኩት! ከዚያም ላይ አንቺ አውቀሽው አራት ወር። ሱቁን ቆልፌ እስከ ሐይቁ መጨረሻ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን እናትሽ ራሷ መጣች። ሱቁ ውስጥ፣ ምሰሶው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ፊትህ ምን ሆኗል?" አለችኝ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ።

"ጨረስክ?" አለች።

"ጨርሻለሁ።"

"አሁን እኔ ልናገር። ያን ቀን ጠዋት ንፋስ ነበር፤ ልብስ አስጥቼ አይቻለሁ። 'ጀልባ ጠባቂውን ጨምራችሁ ሦስት ሁኑ' አልኩት። 'ለአንድ እንጨት ጉባኤ ልጥራ?' አለኝ። ብረቶቹ የመጡ ጊዜም ቁጭ ብሎ ሲያገላብጣቸው ነበር። 'ይህቺ ጭረት ደስ አላለችኝም' አለ። 'እንግዲያው ልጅህን ጠይቃት' አልኩት። 'ወልውላ ነው የላከችልኝ፤ ብጠይቃት ቅር ይላታል' አለኝና ገጠማቸው። ከምሰሶ ሥር አይቆምም ብሎ ለስንት ሰው ሲያስተምር የኖረ ሰው ከሥር ቆመ። አንተ እኔ ነኝ ትላለህ፣ እሷ እኔ ነኝ ትላለች። እሱስ? ሕፃን ነበር እንዴ? የሰውየውን ድርሻ አትንጠቁት!"

እስከዚያ አፏን እያየሁ ነበር የተከተልኳት፤ የመጨረሻዋን ስትል ግን ድምፅዋ ስለጮኸ በጆሮዬም ተሰማኝ። ከዚያ አለቀሰች። ድንቢጥ፣ በቀብሩም በተዝካሩም ያላለቀሰች ሴት እኔ ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ካፖርት በተሰቀለበት ሥር ሆና ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የሚለካ ልብስ ይዞ የመጣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አይቶን ተመለሰ።

ስትረጋጋ "ልቡ ነው ያስባልኩህ እኔ ነኝ፤ ይህንንም ጻፍላት" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እኔም የራሴን ልጨምር። ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት ሰልችቶኛል። ትንሽ አለኝ። ያንን "ለምዶታል" ያልሽውን ቃል ስተኩስም ስሰፋም ይመጣብኛል። ግን ባትጽፊው ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ ጽፈሽዋል። ሱቁን አልዘጋሁም። መቀሱ ትናንት እጄ ውስጥ ቀጥ አለ፤ አንድ ሙሉ ኮት ቆረጥኩ።

እናትሽ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ታየኛለች። "ምን ብለህ ጨረስክ?" አለችኝ። "ገና ነኝ" አልኳት። "ብዙ አታንዛዛው፤ ናፍቃኛለች በላትና ዝጋው" አለችኝ።

ናፍቀሻታል። እኔንም፣ ከነቁጣዬ።

አጎትሽ